እድላዊት ፈተናዋን እስክትጨርስ

አቃቂ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋሚካኤል፣ ፍራንክፈርት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ዝናቡ አላባራ ብሎ የአቃቂ ወንዝ ድልድዩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ይህን ደብዳቤ በቤትህ አድራሻ ሳይሆን በምትሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አድራሻ የላክሁት እድላዊት እጅ እንዳይገባ ብዬ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው። ወንድሜ ሳህሌ ነሐሴ 5 ቀን፣ አርብ ከሰዓት በኋላ አርፏል። ኩላሊቱ ነው አሉን። የተኛው አሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቀበርነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ጓደኞቹ አንድም የቀረ የለም። እንደምታውቀው እዚያ ማሽን ሥር ያረጀ ሰው ጆሮ የለውም፤ እርስ በርሳቸው እየጮኹ ሲያወሩ ለቀስተኛው የተጣሉ መስሎት ሊገላግል ተነሣ። ሳህሌ ቢያይ ኖሮ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

አንተ የአጎታችን ልጅ ነህ፤ ልጁ እድላዊትም ያለችው በአንተ ጣሪያ ሥር ነው። ስለዚህ ላንተ መንገር ግድ ሆነብኝ። ለእሷ ግን እንዳትነግራት። የዕድሩ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው የወሰኑት ይህንኑ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤዋ የተማሪነት ፈቃዷ ታኅሣሥ 22 ቀን እንደሚያበቃ፣ በአዲሱ ሕግ መሠረት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ቀጣሪ ያገኘ ብቻ እዚያ እንደሚቆይ ጽፋልናለች። ፈተናውን የምትጀምረውም ሰሞኑን ነው። መርዶ ሰምቶ ፈተና የሚቀመጥ ሰው አላየሁም። እሱም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚፈልገው። ፈተናዋን ትጨርስ፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ሰው ሰብስበህ በወጉ ታረዳታለህ።

ለመሆኑ ስንት ቀን ይፈጃል? እኔ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊነት ስፈተን አንድ ገጽ በታይፕ መታሁ፤ ዳይሬክተሩ ስህተቱን ቆጥሮ «ነገ ግቢ» አለኝ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። መልስህን እጠብቃለሁ።

እህትህ አሰለፈች


ፍራንክፈርት፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ አሰለፈች

እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሳህሌን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በእረፍት ሰዓት ነው። ቁጭ ብለህ አንብብ ስላሉኝ ሌላ መቀመጫ አጥቼ ያልታጠበ የአንሶላ ክምር ላይ ተቀመጥሁ። አለቃዬ ዓይኔን አይቶ የሳሙናው ዱቄት ነው ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። ቤት ስደርስ እድላዊት «ጋሼ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?» አለችኝ፤ የአለቃዬን መልስ ነገርኳት። በልጅነቴ ከወንዝ ጎትቶ ላወጣኝ ሰው ማልቀሻ ቦታ አጥቼ አራት ቀን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ። እሷ ውኃው እየባከነ ነው ብላ ተቆጣችኝ።

ስለ ፈተናው የጠየቁኝን በተመለከተ፣ እኔም የአንድ ቀን ነገር መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ በስልክ ግማሽ ሰዓት ያነጋግሯታል፤ ይህን አልፋለች። ቀጥሎ የቤት ሥራ ይልኩላታል፤ ሳምንት ሰጥተዋት በአራት ቀን ሠርታ ላከችው፣ እሱንም አልፋለች። አሁን ደግሞ ቢሮ ጠርተው ሰሌዳ ፊት ሊያቆሟት ነው። ኮምፒውተር የለም፤ ሦስት ሰው ተቀምጦ እያያት ፕሮግራሙን በእጇ ትጽፋለች። ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ ያነጋግራታል፣ ከዚያም የኃላፊው ኃላፊ። ለሶፍትዌር ሥራ ኢንተርቪው ማለት የትም ይኸው ነው ትላለች። እስከ መስቀል ያልቃል ብላኛለች።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ከሐምሌ ወዲህ ከአባቷ ደብዳቤ ስላልመጣላት ነጋ ጠባ ትጠይቀኛለች። ሳህሌ እየተናገረ እርስዎ ነበሩ የሚጽፉላት፤ የምታውቀው የእርስዎን የእጅ ጽሕፈት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አጭር ነገር ቢጽፉላት ልቧ ያርፍ ነበር።

አክባሪ ወንድምዎ ተስፋሚካኤል


አቃቂ፣ መስከረም 10 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋሚካኤል

አዲሱ ዓመት ለአንተም ለእሷም የጤና ይሁንላችሁ። አርባው ትናንት ወጣ። ካህናቱም ሰፈሩም ተገኝተዋል፤ የጎደለ የለም፣ ከአንድ ሰው በቀር።

የእንቁጣጣሽ ዕለት እድላዊት ጎረቤታችን ጠጄ ቤት ደወለች። ጠርተውኝ ሄድኩ።

«አክስቴ፣ አባቴን አምጪልኝ» አለች።

«አይሰማሽም እኮ።»

«አውቃለሁ። ስልኩን ጆሮው ላይ ብቻ አድርጊለት፣ እኔ እጮኻለሁ። ባይሰማም ንዝረቱን ያውቀዋል።»

«ቤተ ክርስቲያን ነው» አልኳት።

«እስካሁን?»

«ዘንድሮ ቅዳሴው ረዝሟል።»

ጠጄ ጥቁር ልብሴን እያየች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ስለ ፈተናዋ አወራችልኝ፤ ሳትጨርስ መስመሩ ተቆረጠ። መቆረጡን አመሰገንኩ። ልጄ ስትደውል መስመር ሲቆረጥ ያመሰገንኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚሁ ፖስታ ውስጥ የታሸገውን ሌላ ደብዳቤ ስጣት። እንግዲህ የሳህሌ ደብዳቤ ልበለው። ስምንት መስመር ነው። ዝናቡን፣ ጉልበቱን፣ የጡረታ ሰልፉን አማረርኩ፤ ሳህሌ ሲያጽፈኝ ከማማረር ሌላ መክፈቻ አልነበረውም። «በርቺ» ብዬ ዘጋሁት፤ እሱም ከዚያ በላይ አይልም። ጽፌ ስጨርስ እንደ ወትሮው የጻፍኩትን በእጄ ልነግረው ብድግ ብዬ ወደ አልጋው ዞርኩ።

መስቀል ሳምንት ቀረው። ካለቀላት አሁኑኑ ጻፍልኝ።

እህትህ አሰለፈች


ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 6 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ አሰለፈች

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ሳልጽፍልዎ የዘገየሁት የምጽፈው መልካም ነገር ስላልነበረኝ ነው።

አልተቀበሏትም። ሰሌዳውም ኃላፊውም ካለፈ በኋላ ሁለት መስመር ደብዳቤ ላኩላት። ምክንያቱን አልጻፉም። እሷ ግን ከጠያቂዎቹ ለአንዱ ደውላ ለመነችው። «መልስሽ ትክክል ነበር። ግን አርባ ደቂቃ ዝም ብለሽ ጻፍሽ፤ ምን እያሰብሽ እንደሆነ ማወቅ አልቻልንም» አላት። እዚህ አገር ሰው እያሰበ መናገር አለበት ለካ። እርስዎም ያውቃሉ፣ ያች ልጅ ያደገችው ጆሮው ከማይሰማ አባት ጋር ነው። በእናንተ ቤት ነገር የሚነገረው በእጅና በፊት ነው። ደግሞስ ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው እያዩ ለፍልፊ ብሎ ያሳደጋት ማን ነው?

አሁን ሌላ ድርጅት ጀምራለች፤ እንደገና ከስልኩ። ማታ ማታ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፋ ትለማመዳለች፤ ጠያቂው እኔ ነኝ። ከምትለው አንድ ቃል አይገባኝም። በየሁለት ደቂቃው «ለምን?» ማለት ብቻ ነው ሥራዬ፤ በጣም ጎበዝ ጠያቂ ወጥቶሃል ትለኛለች። እውነትም እየተናገረች መጻፍ ጀምራለች።

ባለፈው እሑድ ግን የጥያቄ ወረቀት ሰጠችኝ፤ እንዲህ ያለውንም ይጠይቃሉ ብላ። «ችግር መፍታት ያስተማረሽ ማን ነው?» የሚል ነበር። አነበብኩላት። ቀጥ ብላ ቆመችና «አባቴ ነው» አለች። «አባቴ አይሰማም። ማሽን ሲበላሽ ሌላው ጆሮውን ሲያቆም እሱ መዳፉን ብረቱ ላይ ያሳርፋል። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ዛሬም ግን አውቶቡስ ላይ ሲቀመጥ መስኮቱን ነክቶ የትኛው ነገር እንደላላ ይነግርሃል።» እትዬ፣ ይነግርሃል ነው ያለችው። ቀጥዬ «ለምን?» ማለት ነበረብኝ። ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። ስመለስ «ጥሩ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

አልቻልኩም። ይብቃን፤ እንንገራት። የሚሆነው ይሁን።

እሷ ግን ለአባቷ ያዘዘችኝ ጥያቄ አለ። አራተኛ ክፍል ሳለች በአንድ ረድፍ ያሉ ማሽኖች ከሰዓት በኋላ ድር እየበጠሱ ፋብሪካውን አስቸግረው ነበር፤ ምክንያቱን ያገኘው ሳህሌ ነው፤ እጁ ቀለም ተቀብቶ እየሳቀ መምጣቱ ትዝ ይላታል። ምክንያቱ ግን ጠፍቷታል። ለጠያቂዎቹ ልነግራቸው እፈልጋለሁ፣ አባቴ ይጻፍልኝ ብላለች። ለእርስዎ ከማስተላለፍ ሌላ ምን ላድርግ።

አክባሪ ወንድምዎ ተስፋሚካኤል


አቃቂ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለተስፋሚካኤል

ደብዳቤህ ደረሰኝ። እንንገራት ያልከውን እንዳላነበብኩ ቆጥሬዋለሁ። ስምንት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። እኔ ወሬው እንዳይደርሳት ጥቁሬን በር ላይ አውልቄ ትምህርት ቤት እየገባሁ፣ ሲጠይቁኝ እየዋሸሁ ሦስት ወር ስችል አንተ አንድ ጥያቄ አንብበህ ከቤት ትወጣለህ? የምትሠራው ሥራ «ለምን» ማለት ብቻ ነው ብለሃል፤ እሱንም በሚገባ ሥራ።

የማሽኑን ነገር እኔም አላውቀውም ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ የሳህሌ የሥራ ባልደረባ ቡልቻ ቤት ሄድኩ። እሱም ያው ነው፣ አይሰማም። ምሥጢር ይዤ ሄጄ በጩኸት ማውራት ሆነብኝ፤ አጥር ለአጥር ያለው ሰው ሁሉ ሰማ።

«በሞተ ሰው አፍ ልታናግሪኝ ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«ለልጁ ነው» ብዬ ጮኽኩ።

«ሳህሌ እንዲህ አይወድም።»

«ሳህሌ የሚወደውን ከአንተ አልማርም።»

ኋላ ግን ነገረኝ፤ መናገር ሲጀምር ደግሞ ማቆም አቃተው። ስምንት ማሽን ነው፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሁሉም ድር ይበጥሳሉ። መካኒኮቹ ሳምንት ሙሉ ብረት ሲፈቱ ሲገጥሙ ሰነበቱ፤ ክሩንም ቀየሩት። ሳህሌ ማሽኑን ትቶ ክሩን ራሱን ይዳብስ ጀመር። የዚያ ረድፍ ክር ደርቆ ይሞቃል። ቀና ሲል ጣሪያው ላይ በቅርቡ የተለወጠ መስታወት አለ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በዚያ ገብታ ክሩን ታደርቀዋለች። መሰላል አምጥቶ መስታወቱን ነጭ ቀለም ቀባው። በማግስቱ አንድ ክር አልተበጠሰም። ሁሉም ማሽኑን ሲፈታ እሱ ጣሪያውን አየ። ቡልቻ ይህን ሲነግረኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቀባ ነበር። አለቀስን ሁለታችንም።

ይህንኑ ጽፌ በሳህሌ ስም አሽጌዋለሁ። ስጣትና ትለማመድበት። ሲያልቅ ብቻ ጻፍልኝ።

አሰለፈች


ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ አሰለፈች

እንደምን ሰነበቱልኝ? የተቆጡኝን በትህትና ተቀብያለሁ።

የሳህሌን ደብዳቤ ሰጠኋት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ አነበበችው። የጣሪያው ታሪክ ላይ ስትደርስ ሳቀች። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አንብባ ለእኔ ሰጠችኝ። «ልጄ፣ እኔ በአንቺ እኮራለሁ። ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፤ ለአንቺ ብቻ ሳልነግርሽ ኖርሁ» ይላል።

«ጋሼ፣ አባቴ እኮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለችኝ። «ዲግሪዬን ስልክለት እንኳ ፖስታው ረጠበ ብሎ ነው ያማረረው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆናለች። ታንጎራጉራለች። ወረቀቷ ፊት ስትቆም አንገቷን አትደፋም። ጠያቂዎቹ ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሏት «እኛ» እያለች ትሸሽ የነበረችው «እኔ ሠራሁት» ማለት ጀምራለች። ደብዳቤውን የኢንተርቪው ልብሷ ኪስ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው።

እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። ያን ቃል ቡልቻ ነግሮዎት ነው ወይስ ሳህሌ ተናግሮት ያውቃል? ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የስልኩን፣ የቤት ሥራውን፣ ሁለት ጊዜም ሰሌዳውን አልፋለች። የመጨረሻው ታኅሣሥ 4 ቀን ነው፤ አምስት ሰው ይቀመጥባታል። በጸሎት ያስቧት።

አክባሪ ወንድምዎ ተስፋሚካኤል


ፍራንክፈርት፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ አሰለፈች

ለኅዳሩ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። ጤናዎ ይሁን እንጂ ግድ የለም። ይህን ግን እንደምንም ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

የመጨረሻውን ኢንተርቪው አልፋለች። የጣሪያውን መስታወት ታሪክ ቆማ ነገረቻቸው። አምስቱም እስክርቢቷቸውን አስቀምጠው እንደሰሟት፣ አንደኛዋ «አባትሽ አሁን የት ናቸው?» ብላ እንደጠየቀቻት፣ «ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል» ብላ እንደመለሰችላት ማታ ስትነግረኝ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ሳህኑን አጥቤ ስጨርስ እንደገና አጠብኩት።

ሐሙስ የቅጥር ደብዳቤዋ መጣ። አርብ ወረቀቱን ለመኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ አስገባን፤ ፓስፖርቷን ተቀብለው እስከ የካቲት አንመልስም አሉን። ቅዳሜ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያናችን አራት ሰዎች ይዤ መጣሁ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ነጠላ የለበሱትን ሴቶች አየችና ፊቷ በራ።

«ጋሼ፣ ለእኔ ሥራ ብለህ ነው ይኼን ሁሉ ሰው በማለዳ ያስቸገርከው?» አለች።

ይህ እንደሚመጣ አላሰብኩም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ደስታውን ታጣጥም ብዬ መርዶ ነጋሪዎቹን እንኳን ደስ ያለሽ ባዮች አደረግኋቸው። ወንበር ታቀርባለች፣ ግቡ ትላለች፣ እጃቸውን ይዛ ታስገባቸዋለች። ከሴቶቹ አንዷ እታገኝ «ልጄ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለቻት። «እናንተ ሳትቀመጡ?» አለች። ማንም አልተቀመጠም። ያን ጊዜ ገባት።

«አባቴ ነው?» አለች። «መቼ?»

ነሐሴ አምስት አልኳት። ትጮኻለች ብዬ ልይዛት ተጠጋሁ። አልጮኸችም። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ መስከረም፣ ጥቅምት። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ሁለቱን ደብዳቤዎች ይዛ ወጣች። የጥቅምቱን ገልጣ መጨረሻውን በጣቷ እያሳየችኝ «ጋሼ፣ ይኼን ማን ነው ያለው?» አለችኝ። የጮኸችው ያን ጊዜ ነው።

ሦስት ቀን ሆናት። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ከማንም ጋር አትነጋገርም፤ እኔ ስገባ ግን ያንኑ ትጠይቀኛለች። የመስከረሙን ደብዳቤ ይጻፉላት ብዬ የለመንኩዎት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን ለእርስዎ ብቻ አልተውም። መልሱን ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። እባክዎ ይጻፉላት።

ወንድምዎ ተስፋሚካኤል


አቃቂ፣ ጥር 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋሚካኤል

እንደምን አላችሁ ለማለት ፊት የለኝም። የኅዳሩን ደብዳቤህን ያልመለስኩት ፖስታ ጠፍቶ አይደለም። በአንድ ጥያቄ ያዝከኝ፤ ዝም አልኩ። አሁን ለእሷ ልጽፍ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፤ የእኔን እጅ ጽሕፈት አይታ ማን ብላ ታነበዋለች? ስለዚህ ላንተ እጽፋለሁ፣ አንተ አንብብላት።

ሳህሌ አላለም። ቡልቻም አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። የጣሪያውን ታሪክ ጽፌ ስጨርስ እጄ አልቆም አለኝ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን እኮራብሻለሁ ብያት አላውቅም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይባልም፣ ያሳፍራል። በእሱ ስም ሲሆን አላሳፈረኝም። ጻፍኩት፣ ደስ አለኝ፣ አሸግኩት። ለአባቷ የሚገባውን ቃል ሰርቄ መስጠቴ መሆኑን ያወቅሁት የኅዳሩ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ነው።

ሌላም አለ፤ ከዚህ የከፋ ነው። ሳህሌ በተኛ በሦስተኛው ቀን ወረቀት አምጪ አለኝ። እንዲህ ብሎ አስጻፈኝ፦ «ልጄ እድላዊት፣ ዝናቡ አስቸግሮናል። እኔም አሞኛል፤ የአሁኑ እንደ በፊቱ አይደለም። ፈተናው ሌላ ጊዜ ይኖራል። ነይ። አባትሽ ሳህሌ።» ይኸው ነው። ጻፍኩለት። ፖስታ ቤት ግን አልሄድኩም፤ ትምህርት ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ጠጄ ቤት ሄጄ መደወልም እችል ነበር፤ አልደወልኩም። በየቀኑ «ደረሰ?» ይለኛል። «መንገድ ላይ ነው» እለዋለሁ። ጆሮው ስለማይሰማ በእጄ ነው የምነግረው፤ በእጅ መዋሸት እንዴት እንደሚከብድ አልነግርህም። እስከ መጨረሻው ቀን በሩን ሲያይ ነበር።

እሱም ይህንኑ ነበር የሚፈልገው ብዬ የጻፍኩልህ ውሸት ነው። ለሽማግሌዎቹም የነገርኳቸው እንዲሁ ነው።

ለምን ካልከኝ፣ እኔ በወጣትነቴ አስመራ ለሥልጠና ተመርጬ ነበር። ሻንጣዬን አስሬ ሳለሁ እናታችን ታመመችና ቀረሁ። እናታችን ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ሳህሌም ይነሣል፣ ልጁ ግን ከበሩ ትመለሳለች ብዬ ነው። እንደማይነሣ ሲገባኝ ደግሞ ደብዳቤውን ለማውጣት ፈራሁ። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድትለኝ አይደለም፤ እንድታውቀው ነው።

የሐምሌውን ደብዳቤ በዚሁ አስገብቻለሁ። ይህኛው የራሱ ነው።

አሰለፈች


ፍራንክፈርት፣ ጥር 23 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ አሰለፈች

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። አንድ ቃል አልዘለልኩም። የሳህሌን በእጇ ሰጠኋት።

ሥራ ጀምራለች። ጠዋት በባቡር ትሄዳለች፣ ማታ ትመጣለች፣ ከል እንደለበሰች። ባልደረቦቿ ምክንያቱን ሲጠይቋት አባቴ በነሐሴ ሞተ አለቻቸው። አንደኛዋ ጠያቂ፣ አባትሽ የት ናቸው ያለቻት፣ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ይሞቃል ስላለቻት ግራ ገባት። እድላዊትም አላስረዳቻትም።

ለእርስዎ ንገራቸው ያለችኝ ይህ ነው፣ በራሷ ቃል እጽፈዋለሁ። «ብትደውልልኝ ኖሮ እሄድ ነበር ማለት አልችልም። ፈተናዬን ልጨርስና እመጣለሁ ብዬ እቀር ነበር ይሆናል፤ እሱ በር በሩን እያየ ይሞት ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ ይሆን ነበር። ያንን ነው የወሰደችብኝ። መምረጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አሁን ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ ሳላውቀው ልኖር ነው።» ይቅር ብያታለሁ አላለችም። አልጠየቅኋትም።

ፓስፖርቷ በየካቲት ሲመለስ ለሁለት ሳምንት ትመጣለች። ልቅሶውን ለእሷ ያቆዩላት፤ ድንኳኑ አዲስ ይተከል፣ ቡልቻና ጓደኞቹም ይምጡ። የምታድረው በእርስዎ ቤት እንደሆነ ጠይቄያት አዎ ብላኛለች።

የመስከረሙን ደብዳቤ፣ ዝናቡንና የጡረታ ሰልፉን የሚያማርረውን፣ የአክስቴ ነው መልስላት ብላ ሰጥታኛለች፤ በዚሁ ልኬዋለሁ። የጥቅምቱንስ አልኳት። ልብሷ ኪስ ውስጥ እጇን አስገብታ «እሱን አልመልስም» አለች። «ማን እንደጻፈው አውቃለሁ በልልኝ።»

ወንድምዎ ተስፋሚካኤል